ሃሺማ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ትሰረዝ?

መነሻ፦ ሃሺማ ጃፓን ውስጥ ናጋሳኪ አጠገብ ያለች፣ 6 ሄክታር ገደማ የምትሆን ደሴት ናት። ሚትሱቢሺ በ1890 ገዝቷት ከባሕር ወለል ሥር የድንጋይ ከሰል ሲያወጣ ኖሯል። ማዕድኑ በ1974 ተዘጋ። በ2015 ዩኔስኮ መዘገባት። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ «ወገኖቻችን በግዳጅ የሠሩባት ናት» ትላለች። ምን ትላላችሁ? (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኢንጂነሩ፦ ለምን ትሰረዛለች? በ1916 የተሠራውን ባለ 7 ፎቅ የኮንክሪት አፓርታማ እዩት። በ1959 ከ5,200 በላይ ሰው ነበረባት። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሲኒማ ሳይቀር። ጣሪያ ላይ አትክልት ይተክሉ ነበር እኮ!

ታሪክ ወዳዷ፦ የጣሪያውን ነገርከን፤ የጉድጓዱስ? ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 95 በመቶ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮሪያውያንና ቻይናውያን ያለፈቃዳቸው የወረዱት እዚያ ነው።

ኢንጂነሩ፦ አልካድኩም። ግን ምዝገባው እስከ 1910 ያለውን የኢንዱስትሪ ዘመን ብቻ ነው የሚመለከተው። ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ታሪክ ወዳዷ፦ በለው! ታዲያ የ1916ቱ አፓርታማህስ? እሱም ከ1910 በኋላ ነው። ለኩራት ሲሆን ዘመኑ ይለጠጣል፣ ለበደል ሲሆን ያጥራል?

ኢንጂነሩ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ይዘሽኛል 😄

ዝምተኛው፦ የቀድሞ ነዋሪዎችንም እንስማ እንጂ። «አብረን ኖርን፣ መድልዎ አላየንም» የሚሉ አሉ። የልጅነት ሰፈራቸው ነው፤ ስሙ ሲጠፋ ያማቸዋል።

ታሪክ ወዳዷ፦ ይገባኛል። ግን ልጅ ሆኖ ሰፈር ውስጥ የተጫወተ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ስለነበረው ሊመሰክር አይችልም። ደግሞ ጃፓን ራሷ በ2015 ጀርመን ቦን ላይ በተደረገው የዩኔስኮ የቅርስ ኮሚቴ ስብሰባ ብዙ ሰዎች ያለፈቃዳቸው መጥተው በከባድ ሁኔታ እንደሠሩ አምናለች። ለመታሰቢያቸው የመረጃ ማዕከል እከፍታለሁ አለች፤ በ2020 ከፈተች። የት? ቶኪዮ! ከደሴቷ በአውሮፕላን የሚኬድበት ርቀት። ይዘቱንም አይቶ የቅርስ ኮሚቴው በ2021 «በጽኑ አዝኛለሁ» ብሏል።

መነሻ፦ ስለዚህ ትሰረዝ ነው የምትይው?

ታሪክ ወዳዷ፦ በፍጹም። ከተሰረዘች ማን ይጠይቃል? ትቆይ፣ ግን ታሪኩ እዚያው ይጻፍ። ከ2009 ጀምሮ ቱሪስት ይገባባታል። ሕንጻዎቹ ሊፈርሱ ስለደረሱ በተከለለው መንገድ ብቻ ነው የሚኬደው። ያ መንገድ ለአንድ ሰሌዳ አይጠብም።

ኢንጂነሩ፦ ሰሌዳውን እኔም እደግፋለሁ። ጀልባው የሚያራግፍበት ጋ ቢሆን ማንም ሳያነብ አያልፍም።

ዝምተኛው፦ በኮሪያኛም ይጻፍ።