የፍጥነት ወሰንን በእጥፍ አልፎ የሚነዳ ሰው፣ ገና ሳይገድል እንዴት ይቀጣ? (የድሬዳዋና የሐረር መንገድ)

የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚያወጣውን መንገድ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ርቀቱ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ የሚወጣ፣ ጥምዝ የበዛበት፣ ከደንገጎ በኋላም እንደ ሐረማያና አወዳይ ያሉ እግረኛ የማይጠፋባቸውን ከተሞች መሐል ለመሐል የሚያልፍ መንገድ ነው። ልጆቼ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስለሚማሩ በሚኒባስ ይመላለሱበታል። ገና ዳገቱን አልጨረሱም ብዬ ሳስብ «ደርሰናል» ብለው ሲደውሉልኝ ከደስታ ይልቅ ሥጋት ይሰማኛል።

የምጠይቀው ወሰኑን በአሥር ኪሎ ሜትር አልፎ ስለተገኘ ሾፌር አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ተቀጥቶ ሊታረም ይችላል። ጥያቄዬ በሰዓት 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት ቦታ 110 እና 120 ስለሚነዳው፣ ከፊቱ የሚመጣው በማይታይበት ጥምዝ ላይ ስለሚቀድመው ሰው ነው። ይህ ሰው ገድሎ ሲገኝ «በቸልተኝነት» ተብሎ መከሰሱ ተገቢ ነው ወይ? ሳይገድል ከተያዘስ፣ መቀጮውን ከፍሎ በዚያው ቀን እንደገና መሪ መጨበጡ ፍትሕ ነው? በእኔ እምነት፣ አሁን ያለው አሠራር ደም እስኪፈስ የሚጠብቅ ነው። ሕጉንም መሪውንም የምታውቁ ሰዎች አስተያየታችሁን እንድትሰጡን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የሕግ ባለሙያ፣ ሐረር

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሕጉ የሚለውን ላስቀምጥ፤ ብዙ ሰው ሕጉ ባዶ ይመስለዋል፣ ነገር ግን አይደለም።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕጋችን፣ በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት የሚፈጸም ግድያን በሦስት ደረጃ ይመለከታል። የመጀመሪያው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ የሚያስከትል ነው። እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን፣ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይሆናል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ሲጥስ፣ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ሲያስገባ ግን፣ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የፍጥነት ምልክቱን እያየ በእጥፍ የሚነዳ ሰው ደንብን «ሆን ብሎ» የሚጥስ ካልሆነ፣ ማን ሊሆን እንደሚችል አይገባኝም። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ግድያ ከበድ ያለው ድንጋጌ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። ከግጭት በኋላ ፍጥነቱ ስንት እንደነበር የሚታወቀው ከጎማ ጭረትና ከምስክር ቃል ብቻ ሲሆን፣ ተከላካይ ጠበቃ በቀላሉ ይከራከረዋል፤ ክሱም ወደ ቀለለው ንዑስ አንቀጽ ይወርዳል።

«ለምን እንደ ሐሳባዊ (ታስቦ እንደተፈጸመ) ግድያ አይቆጠርም?» ለሚለው፣ የሕጋችን አንቀጽ 58 ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ድርጊቱን የፈጸመን ሰው አስቦ እንዳደረገው ይቆጥረዋል። ተራ የሆነ ሐሳባዊ ግድያ ደግሞ በአንቀጽ 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጀርመኖች ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሄደውበታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 በበርሊን ከተማ ሁለት ሾፌሮች ቀይ መብራት እየጣሱ ሲሽቀዳደሙ አንድ አዛውንት ገደሉ፤ ፍጥነታቸው በሰዓት እስከ 170 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። የሥር ፍርድ ቤት ሁለቱንም በከባድ ግድያ ጥፋተኛ ቢላቸውም፣ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱም ሾፌሮቹ ሞትን ተቀብለዋል («ሰው ቢሞትም ይሙት» ብለዋል) የተባለው መስቀለኛው መንገድ ውስጥ ሲገቡ፣ ማለትም ፍሬን ቢረግጡም ማዳን በማይችሉበት ቅጽበት መሆኑ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት መኖር ነበረበት። ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በ2020 የአንደኛው ሾፌር ፍርድ ጸና። ዳኞቹን በጣም ያስቸገራቸው አንድ ነጥብ ለእኛም ያስቸግራል፤ ሾፌሩ የሚያሰጋው ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ስለሆነ፣ ሞትን ተቀብሏል ማለት ቀላል አይደለም። በእኔ አስተያየት ሐሳባዊ ግድያ ለተለየ ሁኔታ ይቀመጥ፤ ለተራው ጉዳይ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 በቂ ነው።

ዋናው ጉድለት እርስዎ በሁለተኛ ደረጃ ያነሱት ነው። ሞት በሌለበት፣ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ መቀጮ ይጥላል፤ ጥፋትን በነጥብ እየመዘገበም፣ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድን እስከ ማገድ ይደርሳል። ነገር ግን «ማጠራቀም» ለትንንሽ ጥፋት የሚስማማ ሥርዓት ነው። 50 በተፈቀደበት 110 የነዳ ሰው የሚጠራቀም ነገር የለውም፤ በአንድ ጊዜ ጨርሶታል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይህን በቁጥር ለይታ አስቀምጣለች። 50 በተፈቀደበት በ50፣ 80 በተፈቀደበት ደግሞ በ60 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ያለፈ ሰው ማንንም ባይነካ እንኳ እስከ አራት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። በ2023 ለዳኞች ሰፋ ያለ የማመዛዘን ሥልጣን ቢሰጥም፣ መሠረቱ እንዳለ ነው። እኛም ሕጉ ውስጥ ቁርጥ ያለ ቁጥር ቢኖረን፣ ለድርድርም ለምልጃም ቦታ አይተርፍም ነበር።

ጡረተኛ ሾፌር፣ ድሬዳዋ

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በከባድ መኪና ላይ ነው፤ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲም፣ በባቢሌ በኩል ወደ ጅግጅጋም ሠርቻለሁ። የሕግ ባለሙያው የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩ። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ መሪ በጨበጠው ሰው ላይ ብቻ ማረፉ አሳስቦኛል።

ጫት ከአወዳይ ተጭኖ ሲወጣ ዋጋው በሰዓት ይቀንሳል። ቅጠሉ ከጠወለገ ነጋዴው ይከስራል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ሲቀጠር የሚጠየቀው በስንት ሰዓት እንደሚያደርስ ነው። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው በማግስቱ መኪናው ለሌላ ይሰጥበታል። ሚኒባስም ቢሆን ከዚህ አይርቅም፤ ሾፌሩ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት፣ ለእርሱና ለረዳቱ የሚተርፈው ከዚያ በላይ ያለው ነው፣ ያ ደግሞ የሚገኘው አንድ ምልልስ በመጨመር ነው። መቀጮ ሲመጣ ባለንብረቱ እንደ ነዳጅ ወጪ ይቆጥረዋል። የፍጥነት መገደቢያ የተገጠመለት መኪና እንኳ ሽቦው ሲነቀል ባለንብረቱ አያውቅም ማለት አይቻልም። ሾፌሩ ታስሮ በማግስቱ በዚያው መኪና ሌላ ወጣት ሲወጣ ካየን፣ ምን ቀጣን?

ደንገጎን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዳገቱን በፍጥነት የሚወጣ መኪና ጥቂት ነው፤ የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን እየያዘለት መውረድ ያለበት ሾፌር፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይለቀዋል። ፍሬኑን እየደጋገመ ሲረግጥ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ጥምዙ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ መያዙን ያቆማል። ከዚያ በኋላ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ይህ አደጋ የመኪና ብልሽት ተብሎ መመዝገብ የለበትም፤ ከላይ ሲጀምር የተመረጠ ፍጥነት ነው።

ራዳር ይዞ ጥምዝ ላይ መቆምም ብቻውን አይበቃም። ከፊት የሚመጣው ሾፌር መብራት አብርቶ ያስጠነቅቃል፤ ሁሉም ለጥቂት ኪሎ ሜትር ጨዋ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

የፊዚክስ መምህርት፣ ድሬዳዋ

ጋሼ፣ የጻፉት እውነት ነው፤ ቢሆንም ድህነትና የባለንብረት ግፊት የሾፌሩን ኃላፊነት ሊያነሱለት አይገባም። ነዳጅ መስጫው ያለው በእርሱ እግር ሥር ነው።

ለተማሪዎቼ የማሰላውን እዚህም ላስቀምጠው። በደረቅ አስፋልት፣ በሜዳ ላይ፣ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል ብንል፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በ37 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል። በ120 የሚሄደው ለመቆም ከ110 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ይህም ብቻ አይደለም። በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ብቻ 33 ሜትር ስለሚጓዝ፣ የመጀመሪያው መኪና ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና ፍሬን መርገጥ ጀምሯል፤ መንገድ የሚያቋርጠውን ልጅ የሚያገኘው ከሞላ ጎደል በሙሉ ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በአንድ በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል በአራት በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይገልጻል። በአንጻሩ የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው፤ 55 ኪሎ ሜትሩን በአማካይ በ60 የነዳ ሰው በ55 ደቂቃ ይገባል፣ በ90 የነዳው በ37 ደቂቃ። ለአሥራ ስምንት ደቂቃ የአንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሕይወት ይያዛል ማለት ነው።

ስለዚህ መኪናው ይወረስ ባይ ነኝ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳ የተፈቀደውን ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ያለፈ፣ ወይም 200 እና ከዚያ በላይ የነዳ ሰው የያዘውን መኪና ትወርሳለች፤ መኪናው የሌላ ሰው ንብረት ቢሆንም እንኳ። እንዲህ ቢሆን ጋሼ ያነሱት ባለንብረትም ሾፌሩን ራሱ ይቆጣጠር ነበር።

የሕግ ባለሙያ፣ ሐረር

መምህርት፣ ሐሳብዎ ጠንካራ ነው፤ መውረሱ ላይ ግን እለያለሁ። እዚህ አንድ ሚኒባስ ብዙ ጊዜ በብድር የተገዛ፣ ወይም የቤተሰብ ሁሉ መተዳደሪያ ነው። ምንም ያላወቀች ባልቴት ንብረቷን በሾፌር ጥፋት ብታጣ፣ ዳኛው ራሱ ሕጉን ለመፈጸም ያመነታል፤ የማይፈጸም ከባድ ቅጣት ደግሞ ከሚፈጸም ቀላል ቅጣት ያነሰ ዋጋ አለው። የተሻለው፣ በመጀመሪያው ጥፋት መኪናው ለተወሰኑ ወራት ከሥራ ታግዶ እንዲቆም፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድም ነጥብ ሳይጠበቅ በዚያው እንዲታገድ ማድረግ ነው። ባለንብረቱ ወይም ጭነት ላኪው የመድረሻ ሰዓት ወስኖ፣ ለመዘግየት የሚቀንስ ውል ከተዋዋለ ግን፣ ውሉ ራሱ ማስረጃ ሆኖ በአነሳሽነት ሊያስጠይቀው ይገባል።

የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምህርቷ ስሌት አንድ ሐሳብ አሳደረብኝ። ሚኒባሶች ከመናኸሪያ ሲወጡ የመውጫ ወረቀት ይሰጣቸዋል። በወረቀቱ ላይ ሰዓቱ በግልጽ ቢጻፍና ሐረር ሲገቡ ተያይቶ ቢመዘገብ፣ ርቀቱ ስለሚታወቅ አማካይ ፍጥነቱ ያለ ምንም ካሜራ ይገኛል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በፈጣን መንገዶቻቸው ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት በመሣሪያ ይለካሉ። እኛ በወረቀት ብንጀምረውስ? ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሆነን ይህን፣ የሕግ ባለሙያው ካነሱት የዕገዳ ሐሳብ ጋር፣ ለሁለቱም ከተሞች አስተዳደርና በመሐል ላሉት ወረዳዎች በጽሑፍ ልናቀርብ እንፈልጋለን።

ጡረተኛ ሾፌር፣ ድሬዳዋ

ይሠራል፤ ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ሾፌሩ በፍጥነት ሄዶ ከሐረር መግቢያ በፊት ቆሞ ሰዓቱን ያሳልፋል። ስለዚህ ደንገጎ መገንጠያና ሐረማያ ላይም ይመዝገብ። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ደግሞ ደንገጎ ላይ ሰዓቱ ተጽፎለት ከታች ከተማው መግቢያ ላይ ይታይ፤ ቁልቁለቱ ለብቻው መለካት አለበት። የጫት መኪኖች መናኸሪያ አይገቡም፤ ለእነርሱ አወዳይ መውጫና ባቢሌ ላይ ካልተያዘ ጽሑፋችሁ የሚነካው ሚኒባሶችን ብቻ ይሆናል። ማመልከቻው ሲዘጋጅ ስሜን ጨምሩበት።