ስፖት ማሽኔ ሲሞቅ መበየድ ያቆማል፣ የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም የሙያ ወንድሞቼ። ተክለሃይማኖት አካባቢ አነስተኛ የላሜራ ሥራ አለን፣ ሳጥንና የምድጃ አካል እንሠራለን። ስፖት ማሽኑ (ሁለት ላሜራ በሁለት የመዳብ ጫፎች መሃል ጨምቆ በከረንት ነጥብ በነጥብ የሚበይደው) ባለ 220 ቮልት፣ በእግር የሚረገጥ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ የሌለው ነው። ጠዋት ጥሩ ይበይዳል። ሁለቱን ላሜራ በፒንሳ ስገነጥለው አንዱ ይቀደድና ነጥቧ ሌላው ላይ ትቀራለች፣ መሆንም ያለበት እንዲህ ነው። እየሠራን ስንቆይ ግን ነጥቧ ላይ ላዩን ትጠቁርና በእጅ ብቻ ትላቀቃለች።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የመዳቦቹ ጫፍ ተጨፍልቆ ሰፍቶ ነበር፣ ጫፉ ሲሰፋ ከረንቱ ስለሚበተን ሞርጄ ወደ ቅርጹ መለስኩት። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ስበይድ በቴስተር ስለካው ቮልቴጁ ከ220 ወደ 200 ይወርዳል፣ ግን ጠዋትም ከሰዓትም ያው ስለሆነ መስመሩን ብቻ መጠርጠር ከበደኝ። የገረመኝ የታችኛውን መዳብ የያዘው ክንድ ነው። ከትራንስፎርመሩ ጋር በብሎን የሚታሰርበት ቦታ እጅ አያስነካም፣ መዳቡም ጠቁሯል። የላይኛው ለብ ብሎ ነው ያለው።

ኤሌክትሪሻኑ የትራንስፎርመሩ ሽቦ እንደ አዲስ ይጠቅለል አለኝ። ወጪው ቀላል አይደለም፣ እኔም አላመንኩበትም፤ ጥቅሉ ተቃጥሎ ቢሆን ሲቀዘቅዝ እንዴት ደህና ይሆናል? ጥርጣሬዬ መገጣጠሚያው ላልቶ ወይም ቆሽሾ ከረንት እየበላ ነው የሚል ነው። ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ላጽዳውና ላጥብቀው? ግሪስ ልቀባው ወይስ ደረቁን ልሰረው? ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ዚንኩ መዳቡ ላይ ይጣበቃል። የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ ይንገረኝ፣ የደንበኛ ሥራ ቆሞብኛል።