ጂኤም328 ቴስተር ላይ አዲስ ፈርምዌር መጫን፦ የፋብሪካው ባክአፕ አልወጣም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ከለር ስክሪን ጂኤም328 ቴስተር (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መፈተሻ) ላይ ኤም-ፈርምዌር (ቴስተሩን የሚያሠራ ሌላ ፕሮግራም) መጫን ፈልጌ ነው። ቺፑ አትሜጋ328ፒ ሲሆን ሶኬት ላይ የተሰካ ነው፤ ፕሮግራመሬ (ቺፑ ላይ ፕሮግራም የሚጽፈው መሣሪያ) ዩኤስቢኤኤስፒ ነው። ቀድሜ የፋብሪካውን ባክአፕ ላድርግ ስል ፋይሉ ውስጥ ያለው እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ብቻ ሆነ። ቺፑ ተበላሽቷል? ደግሞ ኦሲሎስኮፕ ያለበት የእጅ ቴስተር በዚሁ መንገድ ይጫናል?

መልስ 1
አልተበላሸም፣ ተቆልፏል። ሎክ ቢቱ (ፕሮግራሙ እንዳይነበብ የሚቆልፈው ቅንብር) የሚከፈተው ቺፑ ውስጥ ያለውን ሙሉ በሙሉ በመሰረዝ ብቻ ነው፤ ከሰረዝከው ደግሞ የፋብሪካውን ፕሮግራም ከየትም አታገኘውም። ስለዚህ አትንካው። ነቅለህ አስቀምጠውና ባዶ አትሜጋ328ፒ-ፒዩ ገዝተህ እሱ ላይ ጻፍ። አልሠራ ካለ አሮጌውን መልሰህ መሰካት ነው።

ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ፕሮግራመሩ የሚገናኝባቸው መስመሮች፦ ሪሴት እግር 1፣ ሞሲ 17፣ ሚሶ 18፣ ኤስሲኬ 19 ነው። 5 ቮልት ለ7 እና ለ20፣ ግራውንድ ለ8 እና ለ22 ስጥ፤ በ7 እና በ8 መካከል 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ አስገባ። አዲስ ቺፕ የሚሠራው በ1 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ኤስሲኬው (የመጻፊያው ፍጥነት) ከ250 ኪሎኸርዝ በታች መሆን አለበት። ዩኤስቢኤኤስፒ ግን በ375 ይጀምራል፤ «ታርጌቱ አይመልስም» የሚለው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። ኤቪአርዱድ (ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የመጻፊያ ፕሮግራም) ላይ ፍጥነቱን የሚወስነውን የትልቁን ቢ (-B) አማራጭ 10 አድርገው። ፊርማው (የቺፑ ዓይነት መለያ ቁጥር) 1ኢ 95 0ኤፍ ካለህ ቀጥል፤ 1ኢ 95 14 ካለህ ግን የሸጡልህ «ፒ» የሌለውን 328 ነው፣ ትእዛዙ ላይ የቺፑን ስም ቀይር።

መልስ 2
ቅደም ተከተሉ ላይ ልጨምር፦ መጀመሪያ ሄክሱን (የፕሮግራሙን ፋይል)፣ ቀጥሎ ኢኢፒውን (የኢኢፕሮም ዳታ ፋይሉን)፣ ፊውዙን (የቺፑን መሠረታዊ ቅንብር) መጨረሻ ላይ። ፊውዙ (ሎው ኤፍ7፣ ሃይ ዲ9፣ ኤክስቴንድድ ኤፍሲ) ቺፑን ወደ ውጭ ክሪስታል (የሥራ ምት የሚሰጠው ዕቃ) ያዞረዋል። ብሬድቦርዱ ላይ በ9 እና በ10 መካከል ክሪስታል ከሌለ ከዚያ በኋላ አይመልስልህም፤ ሰዉ «ሞተ» ብሎ የሚጥለው ይሄን ነው። ቴስተሩ ላይ ስትሰካው የቦርዱ 8 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ያስነሳዋል። ኢኢፒውን አትዝለል፣ ጽሑፉና የካሊብሬሽን ቁጥሮቹ እዚያ ናቸው።

ሳትነቅል ቦርዱ ላይ እንዳለ ከጻፍክ መፈተሻ እግሮቹ ላይ ምንም ዕቃ አይኑር፤ ሞሲ፣ ሚሶና ኤስሲኬ ከመፈተሻዎቹ ሬዚስተሮች ጋር አንድ መስመር ናቸው።

መልስ 3
ሄክሱን ከማዘጋጀትህ በፊት ከምንጭ ኮዱ ጋር የሚመጣውን «ክሎንስ» የሚል ፋይል አንብብ፣ የየቦርዱ የስክሪን ቅንብር እዚያ አለ። ስክሪኑ እንደ መስታወት ከተገለበጠ ኤልሲዲ ፍሊፕ ኤክስ ወይም ዋይ የሚለውን ቅንብር ቀይረህ እንደገና ኮምፓይል አድርግ (ከምንጭ ኮዱ ሄክሱን አውጣ)። ሲነሳ ሦስቱን መፈተሻ አንድ ላይ አገናኝተህ ራስ-ካሊብሬሽን አስኪድ፤ ያለዚያ ትንንሽ ሬዚስተሮችንና ካፓሲተሮችን በትክክል አይለካም።

ኦሲሎስኮፕ ላለባቸው ይሄ መንገድ አይሆንም። ቺፓቸው ሌላ ነው፣ አምራቹ ለዚያው ሞዴልና ለዚያው የቦርድ ቨርዥን ያወጣውን ፋይል ብቻ ነው የሚቀበሉት። እንደ ፍላሽ ዲስክ የሚታዩት ላይ ዲስኩ አልመጣ ካለ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይር፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ዳታ አያስተላልፍም።