የእማዬ አንገት አራት ጊዜ ተወጋ፤ ካቴተሩን የሚመራ መሣሪያ አለ ወይ?

የቱሉ ዲምቷ
ሰላም ወገኖች። እማዬ 61 ዓመቷ ነው። ኩላሊቷ ደክሞ ደሟ በማሽን የሚታጠብበትን ዲያሊሲስ ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት አንገቷ ላይ ካቴተር፣ ማለትም ደሟ ወደ ማሽኑ የሚመላለስበትን ቱቦ፣ ሊያስገቡላት በእጅ እየዳሰሱ አራት ጊዜ ወጓት። እምቢ ሲል በብሽሽቷ በኩል አስገቡላት። አሁን ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ጠቁሯል። ጎረቤት እንዳያይባት ነጠላዋን ጠምጥማ ነው የምትውለው። ማክሰኞ አንገቷ ላይ እንደገና ይሞከራል ተባልን። እሷ "ሁለተኛ አንገቴን አላስነካም" ብላለች። ምን ብዬ ልጠይቅላት?

ሲስተር ከአያት
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዲያሊሲስ ክፍል ነው የምሠራው። አራት ጊዜ መወጋት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ጠይቂ፦ "በአልትራሳውንድ እያያችሁ ነው የምትወጉት?" በይ። አንገት ላይ ካቴተሩ የሚገባበት ደም መልሱና መወጋት የሌለበት ደም ቅዳው ጎን ለጎን ናቸው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር ክብ ሆነው ይታያሉ። ቆዳው ላይ የሚይዙትን የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ጫን ሲያደርጉት ደም መልሱ እንደ ባዶ ፌስታል ጥፍት ይላል። ደም ቅዳው ግን ክብ እንደሆነ ይመታል። በእጅ ዳሰሳ ይህን ከየት ታመጪዋለሽ?

ከዚያ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይሰዳል። መርፌው ይወጣል፤ ካቴተሩ ሽቦውን ተከትሎ ይገባል። ስዊድናዊው ሐኪም ሴልዲንገር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳወቀው ዘዴ ነው፤ ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው።

ደም ሥሩ እንዲሞላ ትራሱን አውጥተው ጭንቅላቷን ዝቅ ያደርጋሉ። በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። ይህን እንዳትረሺ።

የለገጣፎ ልጅ
አባቴን በአልትራሳውንድ አንዴ ብቻ ነው የወጉት። ደስ አለን። ማሽኑ ላይ ሲያስሩት ግን ደሙ አልሳብ አለ፣ አላርሙ ይጮሃል። ራጅ ሲነሳ ጫፉ ወደ ክንዱ ታጥፎ ተገኘ። ራጅ ሳትነሳ እንዳይጀምሩላት።

ሲስተር ከአያት
ትክክል ነህ ወንድሜ። አልትራሳውንዱ መርፌውን ደም ሥሩ ውስጥ ያደርስልናል። ጫፉ ደረት ውስጥ የት እንዳረፈ የሚነግረን ግን ራጁ ነው። ጫፉን በማግኔት ወይም በልብ የኤሌክትሪክ ምልክት (ኢሲጂ) የሚከታተሉ መሣሪያዎችም አሉ። እነሱ በብዛት በክንድ በኩል ለሚገባው ቀጭን ካቴተር ናቸው። ለእማማ አልትራሳውንድና ራጅ ይበቃታል። በዚያ ላይ አታስጨንቂ።

የቱሉ ዲምቷ
ደወልኩ። አልትራሳውንዱ አለ፤ የሚሠራበት ሐኪም ግን ሐሙስ ነው የሚገባው አሉኝ። የብሽሽቱ እስከዚያ ይሠራል ስላሉ ወደ ሐሙስ አዛወርነው። ለእማዬ ስለ ሁለቱ ጥቁር ክቦች ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "እኔም አየዋለሁ?" አለችኝ።

ሲስተር ከአያት
ፊቷ ወደ ሌላ ዞሮ በጨርቅ ስለሚሸፈን ማየት ይከብዳታል። እያንዳንዱን ነገር ሲሠራ እንዲነግራት ሐኪሙን ለምኚልኝ።