ኡቡንቱ 24.04 ስጭን ዲስኩ አይታይም፤ የሚመጣው ፍላሹ ብቻ ነው

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ኮር አይ 5 ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ 256 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት)። ዊንዶውስ 10ን ሳላጠፋ ኡቡንቱን (ሊኑክስን) ጎን ለጎን መጫን ነው የምፈልገው። ከፍላሹ ያለችግር ይነሳል፣ ዋይፋዩም ይሠራል፤ ዲስክ ወደሚመረጥበት ገጽ ስደርስ ግን ከፍላሹ በቀር ምንም የለም። ፍላሹን ሩፈስ በሚባለው የማስነሻ ፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም ደግሜ ጻፍኩት፣ ለውጥ የለውም። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ 1፦
ዊንዶውስ እየተነሳበት ከሆነ ዲስክህ ደህና ነው፤ ፍላሹንም ተወው። ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ የሳታ ሞድ፣ ማለትም የዲስክ መቆጣጠሪያው አሠራር፣ ሬይድ ወይም ኢንቴል አርኤስቲ ላይ ሆኖ ነው። ያኔ ኤንቪኤምኢው ከሳታ መቆጣጠሪያው ጀርባ ይደበቃል፤ ዊንዶውስ በኢንቴል ድራይቨር ያገኘዋል፣ ሊኑክስ አያየውም። ለማረጋገጥ ከፍላሹ ተነስተህ ተርሚናል ላይ ‹sudo dmesg› በል። ‹remapped NVMe› (ሪማፕድ ኤንቪኤምኢ) የሚል መስመር ካለ ነገሩ ያ ነው፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ባዮሱን ወደ ኤኤችሲአይ፣ ማለትም ሊኑክስ ዲስኩን ወደሚያይበት ሞድ፣ ቀይር ይልሃል።

መላሽ 2፦
ልክ ነው፤ ግን እባክህ ዝም ብለህ እንዳትቀይረው! ዊንዶውስ ሲነሳ ለአዲሱ ሞድ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ስለማይጭን ሰማያዊ ስክሪን ይገጥምሃል።

ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ካለ መጀመሪያ አጥፋውና ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቅ፤ ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍም ወረቀት ላይ ጻፈው። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ኤምኤስኮንፊግ (msconfig) ከፍተህ ‹ቡት› የሚለው ላይ ሴፍ ቡትን ምረጥ። ሪስታርት ስታደርግ ቀጥታ ባዮስ ግባ፣ ኤኤችሲአይ አድርገህ ሴቭ በል። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያስገባል። የሴፍ ቡቱን ምልክት አንሳና ሪስታርት አድርግ። ሴፍ ሞድ ላይ ፒን እምቢ ሊል ስለሚችል የአካውንቱን ፓስወርድ አስቀድመህ እወቅ።

ሰማያዊው ስክሪን ቢመጣም ፎርማት እንዳታደርግ፤ ወደ ሬይድ ስትመልሰው እንደነበረው ይነሳል።

መላሽ 1፦
ሌሎች ይህን ለምታነቡ፦ ከሃርድ ዲስክ ጋር የተጣመረ የ16 ወይም የ32 ጊጋ ኦፕቴን (ሃርድ ዲስኩን የሚያፈጥን የኢንቴል ሜሞሪ) ካላችሁ፣ ሞዱን ከመንካታችሁ በፊት ጥምረቱን በኢንቴል ፕሮግራም ፍቱ።

ጠያቂ፦
ሪማፕድ የሚለው መስመር ነበር። አሁን ዲስኩ ታየ፣ ዊንዶውስም ይነሳል። ለኡቡንቱ ስንት ጊጋ ልስጠው?

መላሽ 2፦
50 ይበቃል። ሲ ድራይቭን ከዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ቀንስ፣ ፋስት ስታርትአፕንም (ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቶሎ የሚነሳበትን) አጥፋ። ኡቡንቱን ስትጭን ማኑዋል (ክፍፍሉን በራስህ) ከመረጥክ ኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን (የማስነሻ ፋይሎች ያሉበትን የዲስክ ክፍል) እንዳለ ተጠቀምበት፤ ፎርማት ካደረግኸው ዊንዶውስ መነሻውን ያጣል። ጭነህ ጨርሰህ ቀጥታ ዊንዶውስ ከገባብህ፣ ባዮስ ውስጥ በቡት ቅደም ተከተሉ ኡቡንቱን አስቀድመው።