ያልተከፈለ የፔይሮል ታክስ፦ ድሬ ላለች ሸሪክ ምን መውጫ አለ?

ጥያቄ፣ ከሳቢያን
ሰላም የድሬ ልጆች። አሜሪካ ያለ አንድ ሬስቶራንት ለሦስት ሩብ ዓመት ከሠራተኛ የቆረጠውን ታክስ ለአይ አር ኤስ (ለአሜሪካ ፌደራል ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) አላስገባም። ከሸሪኮቹ አንዷ እዚህ ድሬ ናት፤ ቼክ የመፈረም ሥልጣን ግን አላት። ዕዳው የድርጅቱ ብቻ ነው ወይስ እሷንም ይከተላል? ማስቀነስስ ይቻላል?

መልስ፣ ከሜሪላንድ
አብሽሪ እህቴ፣ መውጫ አለው። መጀመሪያ ዕዳውን ለሁለት ለዩት። ከ1,000 ዶላር ደመወዝ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) 62፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) 14.50፣ ለገቢ ግብር ደግሞ 80 ተቆረጠ እንበል፤ 156.50 ሆነ። ይህ የሠራተኛው ገንዘብ ነው፣ አሠሪው በአደራ ነው የያዘው። ትረስት ፈንድ የሚሉትም ለዚህ ነው። አሠሪው ከራሱ የሚጨምረው 76.50 ለብቻው ነው። ድርጅቱ ካልከፈለ 156.50ውን ሙሉ በሙሉ ከግለሰብ ሊጠይቁ ይችላሉ። ፊርማ ስላላት ብቻ አትጠየቅም፤ ታክሱ እንዳልገባ እያወቀች ለኪራይ ወይም ለሥጋ አቅራቢ ቀድማ ካስከፈለች ግን ድሬ መሆኗ አያድናትም። ድርጅቱ ቢዘጋም ዕዳው አይቀርላትም፤ የግል ኪሳራ ማወጅም አይሰርዘውም።

አሁን የሚደረገው፦ የዚህን ወር ታክስ በቀኑ አስገቡ። አዲስ ዕዳ እየተጨመረ ማንም ስምምነት አይሰጣችሁም። ያልገባ ፎርም 941 (በየሩብ ዓመቱ የሚገባው የደመወዝ ታክስ ማሳወቂያ) ካለ ገንዘብ ባይኖርም አስገቡት። ፎርሙን አለማስገባት በወር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል፤ አስገብቶ አለመክፈል ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው።

ትንሽ ገንዘብ ከተገኘ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። ዝም ብሎ ከተላከ መንግሥት ለራሱ በሚመቸው በኩል ያውለዋል። ሲከፈል አብሮ በጽሑፍ “ለዚህ ሩብ ዓመት ትረስት ፈንድ ይዋል” ተብሎ ከተገለጸ ግን የሸሪኮቹ የግል ዕዳ ይቀንሳል። ይህ የሚሠራው በፈቃድ ለተከፈለ ገንዘብ ነው። በስምምነት በየወሩ ለሚከፈለው ወይም ከባንክ በግድ ለተወሰደው አይሠራም፤ ስለዚህ ከስምምነቱ በፊት ይደረግ።

ጠቅላላው 25,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ የገንዘብ አቅም መግለጫ ሳይጠየቅ በ24 ወር ከፍሎ የሚጨረስበት ስምምነት አለ። ከ10,000 በላይ ከሆነ በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ እንዲቆረጥ ይጠይቃሉ። 28,000 ከሆነ 3,000ውን ቀድሞ ከፍሎ መግባት ይሻላል። ከዚህ ከበለጠ ፎርም 433-ቢ ተሞልቶ ገቢና ወጪው ይታያል።

ኦፈር ኢን ኮምፕሮማይዝ የሚባለው፣ ዕዳውን በጥቂቱ ማስጨረስ፣ ማስታወቂያው እንደሚያወራው ቀላል አይደለም። ማመልከቻው 205 ዶላር ነው፤ የያዝነውና ያለፉት ሁለት ሩብ ዓመታት ታክስ በሙሉ መግባት አለበት። የትረስት ፈንዱ ጉዳይ ከነግል ተጠያቂነቱ ካልተቋጨ ደግሞ የድርጅቱን ጥያቄ አይቀበሉም።

መልስ፣ ከከዚራ
ሁለት ነገር ልጨምር። ከዕዳው በፊት የነበሩት ሦስት ዓመታት ንጹሕ ከሆኑ የመጀመሪያ ጊዜ የቅጣት ምሕረት ጠይቁ። ዘግይቶ የማስገባትንም ያለመክፈልንም ቅጣት ያነሳል፤ የግል ተጠያቂነቱን ግን አይነካም።

እህታችን ከሁሉ በፊት አድራሻዋን በፎርም 8822 ታስተካክል። በግል ሊጠይቋት ሲያስቡ ደብዳቤ 1153 የሚሄደው መጨረሻ ወደሚያውቁት አድራሻ ነው። ይግባኝ ማለቻው 60 ቀን ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ከተላከ 75። አሮጌ አፓርታማ ደርሶ ከቀረ ቀኑ ያልፋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ካላትም ይህን ታስብበት፦ በስሟ የተመዘገበው ዕዳ ከነቅጣቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ፣ በ2025 ይህ 64,000 ዶላር ነበር፣ ፓስፖርቷ ላይታደስ ይችላል። የክፍያ ስምምነት ካላት ይህ አይደርስባትም።

ለሲፒኤ (ፈቃድ ላለው የሒሳብ ባለሙያ) በፎርም 2848 ውክልና ብትሰጥ ይቀላል፤ ‘ማን ይከፈል’ የሚለውን የወሰነው ማን እንደሆነ ለሚጠይቀው ቃለ መጠይቅም ብቻዋን ባትቀርብ ይሻላል። ራሷ ልደውል ካለች የውጭ አገር መስመራቸው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፤ በእኛ በበጋቸው ከቀኑ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ላይ ማለት ነው።