ለትምህርት ቦርዱ የምናቀርበው ሐሳብ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው እኛ እዚህ አሜሪካ ያለን የሐበሻ ወላጆች ለዲስትሪክቱ (ለአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) የትምህርት ቦርድ አንድ የጋራ ሐሳብ እንጽፋለን። መነሻዬ ይህ ነው፦ «የልጆቻችን የንባብና የሒሳብ ውጤት አሳስቦናል፤ ለትምህርት ቤቶቻችን ተጨማሪ በጀት ይመደብ።» ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ረዳት መምህርት የሆነች አባል፦ ተባረክ ወንድሜ፣ ግን እንዲህ ከሄደ «እናመሰግናለን» ብለው ያስቀምጡታል። በጀት ይጨመር የማይል ማን አለ? ጊዜውም ጥሩ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ3 ዙር ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤቶች መድቦ ነበር። የመጨረሻው ዙር ሴፕቴምበር 2024 ላይ አበቃ። ውጤቱ ግን ገና አላገገመም። በ2024 በተሰጠው አገር አቀፍ ፈተና የ4ኛም የ8ኛም ክፍል ንባብ ከ2022ቱ በ2 ነጥብ ወርዷል። ስለዚህ ጥያቄያችን ጠበብ ያለ፣ የሚጨበጥ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ የሚጨበጥ ነገር አለኝ። ታይትል ዋን የሚባለው የፌዴራል ገንዘብ ከ1965 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ነው። ከዚህ ገንዘብ ከ500,000 ዶላር በላይ የሚደርሰው ዲስትሪክት ቢያንስ 1 በመቶውን ለወላጆች ተሳትፎ ማዋል አለበት። ከዚያ 1 በመቶ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 90 በመቶው ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይወርዳል። አጠቃቀሙ ላይ ወላጆች እንዲሳተፉ ሕጉ ያዛል። የእኛ ዲስትሪክት በዚህ ገንዘብ ምን እንደሠራ የጠየቀ አለ? እኔ ልጅ ትምህርት ቤት መላክ ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ለአስተርጓሚ ይሁንልን። ባለፈው ከመምህሯ ጋር ስንገናኝ ያስተረጎመልኝ የ11 ዓመት ልጄ ነው። መምህሯ ወረቀቱ ላይ በቀይ ያሰመረችውን እያሳየች ብዙ ተናገረች። ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «ጎበዝ ነው እያለች ነው» አለኝ። ማታ ጎረቤቴ ወረቀቱን ስታነብልኝ፣ ንባቡ ከክፍሉ ሁለት ዓመት ወደኋላ ነው ይላል። አልተቆጣሁትም። ምን ያድርግ? ያንን ሸክም ልጅ ላይ መጫን አልነበረብንም።

ረዳት መምህርት፦ አይዞሽ እህቴ፣ በአንቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። የታይትል ዋን ሕግ ራሱ መረጃው በተቻለ መጠን ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ይሰጥ ይላል። ይሄ በረቂቁ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይግባ።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ ልጆቼ፣ ራሳችንንም እንይ። ምሳ ለሁሉም ነፃ ሆኗል ተብሎ የገቢ ፎርም መሙላት ትተናል። የልጅ ልጆቼ ይዘው የመጡትን እኔ ራሴ «ደግሞ ገቢያችንን ምን አገባቸው» ብዬ ጥዬዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ትክክለኛውን ቦታ ነው የነኩት። ምሳው ለሁሉም ነፃ በሆነበት ትምህርት ቤት፣ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) ያለው ቤተሰብ ልጅ ያለ ፎርም በቀጥታ ይቆጠራል። ሌት ተቀን እየነዳ ምንም እርዳታ ያልጠየቀ አባት ልጅ ግን ከቆጠራው ሊወጣ ይችላል። ብዙ ስቴቶች ደግሞ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች ተጨማሪ ገንዘብ የሚሰጡት እንዲህ ያሉትን ልጆች ቆጥረው ነው። ምሳው ነፃ ቢሆንም ወረቀቱ ዋጋ አለው። የሚሞላበትን ቀን እኛ በማኅበሩ አዳራሽ እናዘጋጅ፤ ዲስትሪክቱ ሰው ይላክልን።

ጸሐፊ፦ ሌላም አለ። የልጆቻችን ውጤት ለብቻው የትም አይታይም። በሪፖርቱ ላይ «ጥቁር» እና «እንግሊዝኛ ተማሪ» በሚሉት ውስጥ ተውጠዋል። በአማርኛ ተናጋሪነት ተለይቶ ይሰጠን ብንልስ?

የአንደኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ እኔ እፈራለሁ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ «የሐበሻ ልጆች ደካማ ናቸው» የሚል ስም ይወጣልናል። እውነቱን ልናገር፣ ልጄን ሳስመዘግብ የቤት ቋንቋ በሚለው ላይ «እንግሊዝኛ» ብዬ ነው የሞላሁት። ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ድጋፍ) ውስጥ እንዳይከቱት ብዬ።

ረዳት መምህርት፦ ስጋትህ ይገባኛል፣ ብዙ ወላጅ እንዲሁ ያደርጋል። ግን እንዲህ የተሞላለት ልጅ ክፍል ውስጥ ሲቸገር በየቀኑ አያለሁ። የእንግሊዝኛ ድጋፍ የሚሰጠው አስተማሪ ከጎኑ ለተቀመጠው ልጅ ይመጣል፣ እሱን አልፎ ይሄዳል። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለማ! ቁጥሩን ለሕዝብ እንዲለጥፉ አንጠይቅ። በዲስትሪክት ደረጃ ተደምሮ፣ ማንም ልጅ ሳይለይ፣ ለማኅበሩ ይሰጥ። ከኢኤስኤል የወጡትም ይካተቱ፤ ያለዚያ የተሻሉት ልጆች አይታዩም።

አባት፦ እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ። ፎርሙንም ነገ አስተካክላለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ተቀይሯል፦ «በታይትል ዋን የወላጆች ተሳትፎ ገንዘብ አጠቃቀም ላይ መቀመጫ ይሰጠን፤ ከዚያው ገንዘብ በወላጅና መምህር ቀን የአማርኛ አስተርጓሚ ይመደብ። የልጆቻችን ውጤት በቤት ቋንቋ ተለይቶ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰጠን። ማኅበሩ በበኩሉ ወላጆች የገቢና የቋንቋ ፎርም በትክክል እንዲሞሉ አዳራሽና ሰው ያቀርባል።» ቦርዱ ፊት ማን ያንብበው?

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ ያቺ የ11 ዓመቱ ልጅ እናት ትናገር።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ እንግሊዝኛዬ አይበቃም እኮ።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ በአማርኛ ተናገሪ፣ ልጄ።

ጸሐፊ፦ አስተርጓሚ እንዲያዘጋጁ ዛሬውኑ ኢሜይል እልካለሁ።